ፐርሲ ጃክሰን እና ኦሊምፒያኖቹ

ፐርሲ ጃክሰን እና ኦሊምፒያኖቹ በአሜሪካዊው ደራሲ ሪክ ሪዮርዳን የተጻፈ፣ ከጥንታዊት ግሪክ አፈ ታሪክ የተቀዳ የወጣቶች ምናባዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ «የመብረቁ ሌባ» በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ። አምስተኛው «የመጨረሻው ኦሊምፒያን» በ2009 ዋናውን ታሪክ ዘጋ። ደራሲው ከ14 ዓመታት በኋላ፣ በ2023፣ ወደዚሁ ገጸ ባሕርይና ወደዚያው የአተራረክ ድምፅ ተመልሶ «የአማልክት ጽዋ» የተባለ ስድስተኛ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በመጽሐፎቹ ላይ የተመሠረተ የቴሌቪዥን ተከታታይ በዲዝኒ ፕላስ መታየት ጀመረ።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። የመጻሕፍቱ ርእሶች በአማርኛ ትርጉማቸው ቀርበዋል።

የታሪኩ አመጣጥ

ሪክ ሪዮርዳን በሰኔ 5 ቀን 1964 በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ ተወለደ። ወደ ልጆች ሥነ ጽሑፍ ከመግባቱ በፊት በቴክሳስና በሳን ፍራንሲስኮ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለ15 ዓመታት ያህል እንግሊዝኛና ታሪክ አስተምሯል። በዚያው ጊዜ ለአዋቂዎች የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን ይጽፍ ነበር። ከእነዚህ የመጀመሪያው በ1997 ታትሟል።

የፐርሲ ጃክሰን ታሪክ የተጀመረው በደራሲው ቤት፣ በመኝታ ሰዓት ነው። የሪዮርዳን የመጀመሪያ ልጅ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር፣ እንዲሁም ዲስሌክሲያ የተባለው የማንበብ ችግር እንዳለበት በሕክምና ታወቀ። ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ አይወድም ነበር፤ በሁለተኛ ክፍል ይማረው የነበረውን የግሪክ አፈ ታሪክ ግን ወደደው። በመሆኑም አባቱን ማታ ማታ የአማልክቱንና የጀግኖቹን ታሪክ እንዲነግረው ይጠይቀው ነበር። የሚታወቁት ታሪኮች ሲያልቁ ልጁ አዲስ እንዲፈጥርለት ጠየቀ። ሪዮርዳንም የተሰረቀውን የዜውስ መብረቅ ለማስመለስ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያቋርጥ ፐርሲ ጃክሰን ስለሚባል ልጅ ነገረው። ተረቱን ነግሮ ለመጨረስ ሦስት ሌሊት ፈጀ። ታሪኩን በመጽሐፍ እንዲጽፈው የጠየቀውም ልጁ ነው። ጽሑፉን ለመጨረስ አንድ ዓመት ያህል ወሰደ፤ ከመታተሙ በፊትም ጥቂት ተማሪዎቹ እንዲያነቡት ሰጣቸው።

ይህ አመጣጥ የመጽሐፉን ዋና ሐሳብ ወስኗል። በልብ ወለዱ ውስጥ ፐርሲ ፊደላት ገጹ ላይ የሚዋኙበት አእምሮው ለጥንታዊ ግሪክኛ የተሠራ በመሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚያቅተው ደግሞ በጦር ሜዳ ሕይወቱን የሚያተርፍ የተዋጊ ቅልጥፍና ስላለው ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የሚባረርበት ችግር በሌላኛው ዓለም የማንነቱ ምልክት ሆኖ ይገኛል።

የታሪኩ ዓለም

የተከታታዩ መነሻ ሐሳብ የግሪክ አማልክት እስከ ዛሬ ድረስ በሕይወት አሉ የሚል ነው። አማልክቱ የምዕራቡ ዓለም ሥልጣኔ ልብ ወደሚገኝበት ቦታ አብረው ይዛወራሉ። በዚህ ዘመን ያ ቦታ አሜሪካ ስለሆነ ኦሊምፖስ የሚገኘው በኒው ዮርክ ከተማ፣ ከኢምፓየር ስቴት ሕንፃ በላይ ነው። የሚደርሱበትም በአሳንሰር 600ኛ ፎቅ ላይ ነው። የሙታን ዓለም መግቢያ በሎስ አንጀለስ የሚገኝ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ ነው። ሜዱሳ በኒው ጀርሲ የአትክልት ቦታ ሐውልቶች ትሸጣለች። ከኦዲሴዎስ ታሪክ የሚታወቁት የሎተስ በላተኞች በላስ ቬጋስ የቁማር ቤት ከፍተዋል፤ እዚያ የገባ ሰው ሰዓታት ያለፉ ሲመስለው ቀናት ያልፋሉ።

አማልክቱ እንደ ጥንቱ ሁሉ ከሰዎች ልጆች ይወልዳሉ። እነዚህ ግማሽ አማልክት የሆኑ ልጆች ጭራቆች ስለሚያሳድዷቸው በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ በሚገኘው የግማሽ ደሞች ካምፕ ይጠለላሉ። ካምፑን የሚያስተዳድረው በቅጣት ወደዚያ የተላከው የወይን አምላክ ዲዮኒሶስ ነው፤ ልጆቹን የሚያሠለጥነው ደግሞ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆነው ኬይሮን ነው። በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ካምፑ ለ12ቱ ታላላቅ አማልክት 12 ጎጆዎች አሉት። እያንዳንዱ ልጅ የሚኖረው በመለኮታዊ ወላጁ ጎጆ ሲሆን፣ ወላጁ «ይህ ልጄ ነው» ብሎ በምልክት እስኪያሳውቅ ድረስ ግን ማንነቱ አይታወቅም። ብዙዎች ይህን ምልክት ሳያዩ ያድጋሉ፤ በሄርሜስ ጎጆ ወለል ላይ ተጨናንቀው ይተኛሉ። የተከታታዩ ግጭት የሚነሣው ከዚህ ነው።

ዋና ገጸ ባሕርያት

ፐርሲ ጃክሰን የባሕር አምላክ የፖሰይዶን ልጅ ነው። ሙሉ ስሙ ፐርሴዎስ ሲሆን እናቱ ሳሊ ይህን ስም የሰጠችው ከግሪክ ጀግኖች መካከል መጨረሻቸው ካማረ ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ ነው። አናቤት ቼዝ የአቴና ልጅ ናት፤ ብልህ፣ ዕቅድ አውጪ፣ የሕንፃ ንድፍ አፍቃሪም ናት። ግሮቨር ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነ ሳቲርና የፐርሲ የቅርብ ጓደኛ ነው። ሉክ ካስቴላን የሄርሜስ ልጅ ሲሆን በመጀመሪያ የፐርሲ አለኝታ፣ በኋላ ደግሞ ጠላቱ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት መጻሕፍት

ዋናው ታሪክ በአምስት መጻሕፍት ተጽፏል፦ «የመብረቁ ሌባ» (2005)፣ «የጭራቆች ባሕር» (2006)፣ «የታይታኑ እርግማን» (2007)፣ «የላቢሪንቱ ጦርነት» (2008) እና «የመጨረሻው ኦሊምፒያን» (2009)። ሁሉም በፐርሲ አንደበት፣ በ«እኔ» የሚተረኩ ሲሆኑ ቀልድና ፌዝ የበዛባቸው ናቸው። ፐርሲ በመጀመሪያው መጽሐፍ 12 ዓመቱ ነው፤ በአምስተኛው መጨረሻ 16 ዓመት ይሞላዋል።

መጻሕፍቱን የሚያያይዛቸው አንድ ትንቢት ነው። ትንቢቱ ከሦስቱ ታላላቅ ወንድማማቾች፣ ማለትም ከዜውስ፣ ከፖሰይዶን ወይም ከሃዴስ የተወለደ ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው በሚወስደው ውሳኔ ኦሊምፖስ ትድናለች ወይም ትጠፋለች ይላል። በሌላ በኩል አማልክቱ የጣሉት የታይታኖች አለቃ ክሮኖስ ለመነሣት ይዘጋጃል። ሠራዊቱን የሚሰበስብለት ሉክ ነው። ሉክን ወደ ክሮኖስ የገፋው አባቱ ሄርሜስ እንደተወው ማመኑ ነው። ሌሎችም ወላጆቻቸው ያላወቋቸው ልጆች በዚሁ ምክንያት ይከተሉታል።

በአምስተኛው መጽሐፍ ጦርነቱ በማንሃተን ጎዳናዎች ላይ ይካሄዳል። በመጨረሻ ክሮኖስን የሚያሸንፈው ሉክ ራሱን መሥዋዕት በማድረጉ ነው። አማልክቱ ለፐርሲ ዘላለማዊነትን ሲያቀርቡለት እምቢ ይላል። በምትኩ አማልክቱ ልጆቻቸውን ሁሉ 13 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲያውቋቸው፣ ትናንሾቹ አማልክትና ሃዴስም በካምፑ ጎጆ እንዲኖራቸው ቃል ያስገባቸዋል። በዚህም ታሪኩ የጦርነቱን መነሻ ምክንያት ወደ ማስወገድ ይሄዳል። ብዙ አንባቢዎች ታሪኩ በሚገባ ተዘግቷል የሚሉት በዚህ ፍጻሜ የተነሣ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ወደ ፐርሲ መመለስ አስቸጋሪ ሥራ የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዓለሙ መስፋፋት

ሪዮርዳን ከ2009 በኋላ ይህን ዓለም አልተወውም፤ ነገር ግን ፐርሲን ከመሃል ወደ ዳር አወጣው። «የኦሊምፖስ ጀግኖች» የተባለው ሁለተኛ ተከታታይ ከ2010 እስከ 2014 በአምስት መጻሕፍት ወጣ። በእርሱ ውስጥ ግሪካውያኑ ልጆች በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከሚገኘው ከሮማውያን ካምፕ፣ ከካምፕ ጁፒተር ጋር ይገናኛሉ። ትረካው በሦስተኛ መደብ ሆኖ በበርካታ ገጸ ባሕርያት መካከል ይዘዋወራል፤ ፐርሲም ከብዙዎች አንዱ ነው።

ከ2016 እስከ 2020 የወጣው «የአፖሎ ፈተናዎች» ደግሞ ዜውስ በቅጣት ወደ ተራ ጎረምሳነት የለወጠውን አፖሎን ይከተላል። በዚህ ተከታታይ ፐርሲ አልፎ አልፎ ብቻ ይታያል። ደራሲው በሌሎች አፈ ታሪኮች ላይም ጽፏል፦ «የኬን ዜና መዋዕል» (2010–2012) በግብፅ፣ «ማግነስ ቼዝ እና የአስጋርድ አማልክት» (2015–2017) በስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የማግነስ ቼዝ ሁለተኛው መጽሐፍ በ2017 የስቶንዎል የመጽሐፍ ሽልማትን አግኝቷል።

ሪዮርዳን የሌሎች ሕዝቦችን አፈ ታሪክ ሁሉ በራሱ እንዲጽፍ አንባቢዎች ሲጠይቁት የተለየ መንገድ መረጠ። በዲዝኒ አሳታሚ ሥር «ሪክ ሪዮርዳን ፕሬዘንትስ» የተባለ የኅትመት ዘርፍ ተቋቁሞ የየባህሉ ተወላጆች ወይም ቅርበት ያላቸው ደራስያን የራሳቸውን አፈ ታሪክ እንዲጽፉ ዕድል ሰጠ። የዘርፉ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ2018 የወጣው፣ ከሂንዱ አፈ ታሪክ የተቀዳው የሮሻኒ ቾክሺ «አሩ ሻህ እና የዘመን ፍጻሜ» ነው። በ2019 የወጣው የክዋሜ ምባሊያ «ትሪስታን ስትሮንግ» ከምዕራብ አፍሪካና ከአፍሪካ አሜሪካውያን ተረቶች የተወሰደ ነው።

ፊልሞቹና የደራሲው ተቃውሞ

ከመጻሕፍቱ ሁለት የሲኒማ ፊልሞች ተሠርተዋል። የመጀመሪያው በክሪስ ኮሎምበስ ተዘጋጅቶ በየካቲት 2010 ታየ፤ ሁለተኛው «የጭራቆች ባሕር» በቶር ፍሮይደንታል ተዘጋጅቶ በ2013 ወጣ። ፐርሲን ሎጋን ለርማን፣ አናቤትን አሌክሳንድራ ዳዳሪዮ ተጫውተዋል። የመጀመሪያው ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገባም የመጽሐፉ አንባቢዎች በብዛት አልተቀበሉትም። የ12 ዓመቱ ልጅ ወደ ጎረምሳነት ተለውጦ ነበር፤ የሙሉው ተከታታይ መሠረት የሆነው ክሮኖስም ከመጀመሪያው ፊልም ወጥቶ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛ ፊልም አልተሠራም።

ሪዮርዳን በፊልሞቹ አሠራር ላይ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። በ2018 ከዓመታት በፊት፣ በ2009፣ ለፊልሙ ሠሪዎች የላካቸውን ደብዳቤዎች በድረ ገጹ ላይ አወጣ። በደብዳቤዎቹ የገጸ ባሕርያቱን ዕድሜ ከፍ ማድረግ የመጽሐፉን ዋና አንባቢዎች፣ ማለትም ልጆችን እንደሚያርቅ፣ የፊልም ጽሑፉም ከታሪኩ እንደራቀ አስጠንቅቆ ነበር። ፊልሞቹን ተመልክቷቸው እንደማያውቅም በተደጋጋሚ ተናግሯል።

ከሲኒማው ይልቅ ለመጽሐፉ ቅርብ ሆኖ የተገኘው የሙዚቃ ቴአትሩ ነው። ጽሑፉ የጆ ትሬዝ፣ ዜማው የሮብ ሮኪኪ ነው። በ2014 በአጭር ቅርጽ ተጀምሮ በ2017 ሙሉ ሆኖ ቀረበ፤ በ2019 ደግሞ በብሮድዌይ መድረክ ታየ።

ወደ ፐርሲ መመለስ

በ2019 ዲዝኒ ፊልሞቹን የሠራውን የፎክስ ኩባንያ ሲገዛ የመጻሕፍቱ አሳታሚና የፊልም መብቱ ባለቤት በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። በግንቦት 2020 ሪዮርዳንና ባለቤቱ አዲስ የቴሌቪዥን ተከታታይ እንደሚሠራ፣ እነርሱም በሥራው በቀጥታ እንደሚሳተፉ አስታወቁ።

አዲሱ መጽሐፍም ከዚህ ጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ሪዮርዳን «የአማልክት ጽዋ» በጥቅምት 2022 ሲታወጅ እንደገለጸው፣ ሐሳቡ የመነጨው የቴሌቪዥኑ ሥራ እንዲፈቀድ ይጥር በነበረበት ጊዜ ነው፤ አዲስ የፐርሲ መጽሐፍ ለመጻፍ ያቀረበው ሐሳብ ለዚያ ጥረት ድጋፍ እንዲሆን ታስቦ ነበር። እንዲህ ያለ መመለስ ለገበያ ሲባል ብቻ የተደረገ ነው የሚል ጥርጣሬ ማስነሣቱ አይቀርም። መጽሐፉ ለዚህ የሰጠው መልስ በይዘቱ ነው፦ ከቀድሞው የበለጠ ታላቅ ጦርነት ከመፍጠር ይልቅ ትንሽና የዕለት ተዕለት ታሪክ መረጠ።

በግንቦት 2023 ሪዮርዳን ከማርክ ኦሺሮ ጋር የጻፈው «ፀሐይና ኮከብ» ወጣ፤ ይህ የሃዴስ ልጅ ኒኮንና የአፖሎ ልጅ ዊልን የሚከተል ነው። «የአማልክት ጽዋ» ደግሞ በመስከረም 26 ቀን 2023 ወጣ።

«የአማልክት ጽዋ»

ታሪኩ ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የሚካሄደው «የአፖሎ ፈተናዎች» ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ፐርሲ 17 ዓመቱ ሆኖ በኒው ዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የመጨረሻ ዓመት ጀምሯል። ከአናቤት ጋር በካምፕ ጁፒተር በሚገኘው በኒው ሮም ዩኒቨርሲቲ መማር ይፈልጋል። ለመግባት ግን ከሦስት አማልክት የድጋፍ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ሁለት ጊዜ ኦሊምፖስን ያተረፈ ጀግና የደብዳቤ ፈራሚ ፍለጋ መዞሩ የመጽሐፉ ቀልድ ነው፤ ምክንያቱ ግን ከባድ ነው። ሦስቱ ወንድማማቾች ልጅ ላለመውለድ ተማምለው ስለነበር ፐርሲ መወለድ ያልነበረበት ልጅ ተደርጎ ይቆጠራል።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚሰጠው የአማልክት ጠጅ አሳላፊ ጋኒሜዴስ ነው። በአፈ ታሪኩ ጋኒሜዴስ ዜውስ የወሰደው የትሮይ ልዑል ሲሆን በዚህ ሥራ የተካው የወጣትነት አምላክ የሆነችውን ሄቤን ነው። በመጽሐፉ ዘላለማዊነት የሚሰጠው ጽዋው ተሰርቋል፤ ዜውስ ሳያውቅ እንዲያገኝለትም ፐርሲን ይለምነዋል። ፐርሲ፣ አናቤትና ግሮቨር መጀመሪያ ሄቤን፣ ቀጥሎ የቀስተ ደመና አምላክ የሆነችውን ኢሪስን ይጠረጥራሉ። በመጨረሻ ሌባው ጌራስ፣ የእርጅና አምላክ ሆኖ ይገኛል።

ጥንታውያን የአቴና ሸክላ ሠዓሊዎች ሄራክሌስ ጌራስን ሲመታው ሥለዋል። ፐርሲም ከጌራስ ጋር መታገል ግድ ይሆንበታል፤ ነገር ግን እርጅናን በጉልበት ማሸነፍ እንደማይቻል ይገባውና ያቅፈዋል። በ2009 ዘላለማዊነትን እምቢ ያለው ልጅ እዚህ የውሳኔውን ሙሉ ትርጉም ይቀበላል፦ ከአናቤት ጋር ማርጀት ይፈልጋል። በዚሁ መጽሐፍ እናቱ ሳሊ ልጅ ልትወልድ መሆኑን ይሰማል። ስለዚህ ቤቱን ለቅቆ ሊሄድ የተዘጋጀው ወጣት ከእርሱ በኋላ የሚቀጥል ቤተሰብ ያያል።

«የሦስትዮሿ አምላክ ቁጣ»

በመስከረም 24 ቀን 2024 የወጣው ይህ መጽሐፍ ሁለተኛውን ደብዳቤ ይከተላል። የአስማትና የመስቀለኛ መንገድ አምላክ ሄካቴ በሃሎዊን ሳምንት ቤቷንና ሁለት እንስሶቿን እንዲጠብቅላት ፐርሲን ታዝዘዋለች። ቤቱ በማንሃተን ግራመርሲ ፓርክ አጠገብ ነው። እንስሶቹ ውሻዋ ሄኩባና ጌል የተባለችው ፋደት መሰል እንስሳ ናቸው። ሁለቱም በጥንቱ ታሪክ ሴቶች ነበሩ፤ ሄኩባ ከትሮይ ውድቀት በኋላ ወደ ውሻነት የተለወጠች ንግሥት ናት። ግሮቨር በቤቱ የተገኘ መድኃኒት ጠጥቶ ቤቱ ይፈራርሳል፣ እንስሶቹም ያመልጣሉ። ሦስቱ ጓደኛሞች ሄካቴ ከመመለሷ በፊት ሁሉን ማስተካከል አለባቸው።

የቴሌቪዥን ተከታታዩ

የዲዝኒ ፕላስ ተከታታይ በታኅሣሥ 19 ቀን 2023 ጀመረ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስምንት ክፍሎች አሉት። ፈጣሪዎቹ ሪዮርዳንና ጆናታን ኢ. ስታይንበርግ ናቸው። ፐርሲን ዎከር ስኮቤል፣ አናቤትን ሊያ ሳቫ ጄፍሪስ፣ ግሮቨርን አርያን ሲምሃድሪ ይጫወታሉ። በዚህ ጊዜ ተዋናዮቹ ለገጸ ባሕርያቱ ዕድሜ የቀረቡ ልጆች ናቸው። ዜውስን የተጫወተው ላንስ ሬዲክ ተከታታዩ ከመታየቱ በፊት በመጋቢት 2023 አርፏል።

በ2022 ጥቁር አሜሪካዊት የሆነችው ጄፍሪስ አናቤትን እንድትጫወት ስትመረጥ፣ በመጽሐፉ አናቤት ነጭና ባለ ወርቃማ ፀጉር ናት በማለት ብዙ ሰዎች በዘር ላይ የተመሠረተ ስድብ አደረሱባት። ሪዮርዳን በግንቦት 2022 በድረ ገጹ ባወጣው ጽሑፍ ተዋናይቱ የተመረጠችው ለገጸ ባሕርይዋ ከሁሉ የተሻለች በመሆኗ እንደሆነ፣ ተቃውሞውም ዘረኝነት እንደሆነ በግልጽ ተናገረ። የመጻሕፍቱ ትምህርት ልዩነት ኃይል ነው የሚል ሆኖ ሳለ አንባቢ ነኝ የሚል ሰው አንዲትን ልጅ በመልኳ መስደቡ ትምህርቱን አለመረዳት እንደሆነም አመለከተ።

ሁለተኛው ምዕራፍ «የጭራቆች ባሕር»ን ተከትሎ በታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀመረ። ሦስተኛ ምዕራፍ እንዲሠራም ቀደም ሲል በዚያው ዓመት ተፈቅዷል።

ከጥንቱ አፈ ታሪክ ጋር ያለው ዝምድና

ሪዮርዳን የጥንቱን ታሪክ አንዳንዴ እንዳለ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ይገለብጠዋል። በአፈ ታሪኩ ፐርሴዎስ የሜዱሳን ራስ ይዞ ተመልሶ እናቱን ዳናዔን በግድ ሊያገባ የፈለገውን ንጉሥ ወደ ድንጋይ ይለውጠዋል። በ«የመብረቁ ሌባ» ፐርሲም ክፉ የእንጀራ አባት አለው። ነገር ግን ፐርሲ ራሱ አይበቀልለትም፤ የሜዱሳን ራስ ለእናቱ ይተውላትና ውሳኔው የእርሷ ይሆናል።

የፐርሴዎስ ታሪክ ከኢትዮጵያ ስም ጋርም የተያያዘ ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ ፐርሴዎስ ያገባት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። ካሲዮፔያ በውበት ስለተመካች ፖሰይዶን ተቆጥቶ የባሕር ጭራቅ ላከ፤ ልጅቱም ለጭራቁ በቋጥኝ ላይ በሰንሰለት ታሰረች፣ ፐርሴዎስም አዳናት። ጥንታውያን ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ስለነበር ከዛሬዋ አገር ድንበር ጋር አንድ አይደለም። አንዳንድ ጸሐፊዎችም ታሪኩን ወደ ኢዮጴ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ያፋ ወስደውታል። የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ ግን አንድሮሜዳን ጠይም አድርጎ ይጠቅሳታል። ከፐርሴዎስ ጋር ሦስቱም፣ ኬፌዎስ፣ ካሲዮፔያና አንድሮሜዳ፣ ዛሬ የከዋክብት ስብስቦች ስም ናቸው።

ይህ ታሪክ በፐርሲ ጃክሰን ውስጥም ይገኛል። በ«የጭራቆች ባሕር» ሉክ የክሮኖስን ሠራዊት የሚሰበስብበት መርከብ «ልዕልት አንድሮሜዳ» ይባላል፤ በፊቱም በሰንሰለት የታሰረች፣ በፍርሃት የተዋጠች ሴት ምስል አለበት። የጥንቱ ፐርሴዎስ ያዳናት ልዕልት ስም፣ የዛሬው ፐርሲ ሊያድናቸው ያልቻለውን የተተዉ ልጆች የያዘው መርከብ መጠሪያ ሆኗል።

ተቀባይነትና ትችት

«የመብረቁ ሌባ» በ2005 ኒው ዮርክ ታይምስ ከጠቀሳቸው የዓመቱ ታዋቂ መጻሕፍት አንዱ ነበር። ተከታታዩ ብዙ ልጆችን ወደ ግሪክ አፈ ታሪክ መርቷል፤ ማንበብ ለሚቸግራቸው ልጆችም ችግራቸው የጀግና ምልክት የሆነበት ታሪክ ሰጥቷል።

በአዲሶቹ መጻሕፍት ላይ የሚነሣው ዋና ትችት አደጋው ቀላል ነው የሚል ነው። ታሪኩ ወደ ኋላ ስለሚመለስ «የአፖሎ ፈተናዎች»ን ያነበበ ሰው ፐርሲ በሕይወት እንደሚቆይ ያውቃል። በቴሌቪዥኑ ላይ ደግሞ ልጆቹ ወጥመዶቹን ፈጥነው ስለሚያውቁ የመጽሐፉ ጉጉት ይቀንሳል ይባላል። ተከታታዩን የሚደግፉት በበኩላቸው የአዲሶቹ መጻሕፍት ጥያቄ ፐርሲ ይተርፋል ወይ የሚል እንዳልሆነ ያስረዳሉ። ጥያቄው ከጦርነት የተረፈ ልጅ እንዴት ተራ ሰው ይሆናል የሚል ነው።

ለመመለሱ ልዩ መልክ የሰጠው የዕድሜ ልዩነት ነው። በ2005 የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው በ2023 30 ዓመቱ ነበር፤ ፐርሲ ግን ገና 17 ነው። በመሆኑም አዲሶቹን መጻሕፍት ሁለት ዓይነት አንባቢዎች አብረው ያነቧቸዋል፦ ከፐርሲ ጋር እኩል የነበሩና አልፈውት የሄዱ አዋቂዎች፣ እንዲሁም በቴሌቪዥን አይተውት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡ ልጆች። ለአንድ ልጅ በመኝታ ሰዓት የተነገረው ታሪክ ዛሬ በልጅነታቸው ያነበቡት ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያነቡት ታሪክ ሆኗል።